ሹመት፣ ቦርድና ቅጥር፦ የሰቆጣ ምክር ቤት ዓይን የሚደርስበትና የማይደርስበት

በሰቆጣ ከተማ አንድ ሰው የመንግሥት ኃላፊነት የሚይዘው ከሦስት በአንዱ መንገድ ነው። ከንቲባው በዕጩነት ያቀርበውና ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል፤ ይህ ሹመት ነው። ወይም በአንድ ቦርድ ወይም ኮሚቴ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በያዘው ወንበር የተነሣ፣ ይሰየማል። ወይም ደግሞ ማስታወቂያ አንብቦ፣ ማስረጃውን አቅርቦ፣ ተወዳድሮ ይቀጠራል። ሦስቱም የሚሠሩት በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ስም ነው። ምክር ቤቱ ግን ሦስቱን በአንድ ዓይን አያያቸውም። ተሿሚውን በስሙ ጠርቶ ያጸድቃል፤ የቦርዱን ሥራ በሪፖርት ይሰማል፤ ቅጥሩን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ቅሬታ ሲመጣ ነው። ባለጉዳዩ ጠዋት ቢሮ ሄዶ የሚያገኘው ሰው ደግሞ ተቀጣሪው ነው።

ሰቆጣ በምትገኝበት በዋግ ኽምራ የምክር ቤቶች አደረጃጀት ከጎረቤት ዞኖች ይለያል። ሰሜን ወሎም ሆነ ደቡብ ጎንደር የክልሉ አስፈፃሚ ክንፎች ናቸው፤ በዞን ደረጃ የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም። ዋግ ኽምራ፣ አዊና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ግን በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ የብሔረሰብ ምክር ቤቱ፣ የከተማው ምክር ቤትና የቀበሌዎቹ ምክር ቤቶች በአንድ ከተማ ተደራርበው ይሠራሉ። ወደ ደሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ፣ አበርገሌና ሳህላ ሲወጣ የየወረዳው ምክር ቤት በከተማው ምክር ቤት ቦታ ይተካል። መደራረቡ በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ አንድ ጉዳይ የሦስቱም ሆኖ የማንም ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ መብዛቱ ነው። የከተማው ነዋሪ የሆስፒታሉን ጉዳይ ለከተማው ምክር ቤት ቢያነሣ “ሆስፒታሉ የኛ ተጠሪ አይደለም” የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ መልሱም በመዋቅር ረገድ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ይህ አደረጃጀት በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። ዋግ ለረጅም ዘመን የተዳደረው ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንወርዳለን በሚሉ ዋግሹሞች ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። በዚያ ሥርዓት ሹመት የዘርና የንጉሥ ጉዳይ ስለነበረ የሚያጸድቀው ጉባኤ አልነበረም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ከተሞችን የራሳቸው ገቢና አስተዳደር ያላቸው አካላት አደረጋቸው፤ ሿሚው ግን ማዕከላዊው መንግሥት ሆኖ ቀጠለ። የደርግ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 104/1969 ደግሞ ቀበሌን ከነፍርድ ሸንጎው አጠናከረው። ያኔ ነዋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ መንደሩ ኃላፊ መረጠ ማለት ይቻላል፤ የመረጠውን ሰው መልሶ መጠየቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር።

አሁን ያለው መዋቅር መነሻው የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 7/1984 እና በዚያው ዓመት ሰኔ የተካሄደው የወረዳና የክልል ምርጫ ነው። የ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ክልሎች ከበታቻቸው ላሉት የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጡ አዘዘ፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ሕዝቡም አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንዲችል ደነገገ። የአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል የምክር ቤቱን ሰብሳቢነት ከአስፈፃሚው ወንበር ለየ። ከዚያ በፊት ሥራውን የሚመራው ሰው ሥራውን የሚገመግመውን ጉባኤም ይመራ ነበር። አፈ ጉባኤ የሚባል ራሱን የቻለ ኃላፊ ወደ ታች ወርዶ መታየት የጀመረው ከዚህ ማሻሻያ በኋላ ነው፤ ስለ ክትትልና ቁጥጥር በቁም ነገር መነጋገር የሚቻለውም ከዚያ ወዲህ ስላለው ጊዜ ነው።

ሹመት በሚጸድቅበት ዕለት የሚሆነውን ጉባኤውን የተከታተለ ሁሉ ያውቀዋል። አጀንዳው ከመጨረሻዎቹ አንዱ ይሆናል፤ ሪፖርቱና በጀቱ ቀኑን ከበሉት በኋላ ይመጣል። ከንቲባው ወይም አስተዳዳሪው ተነሥቶ የዕጩዎቹን ስም፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ያነባል። ወረቀቱ ለአባላቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አንድ ሁለት አባላት አስተያየት ይሰጣሉ፤ አስተያየቱ አብዛኛውን ጊዜ ምክር እንጂ ጥያቄ አይደለም። አፈ ጉባኤው የሚደግፍ፣ የሚቃወም፣ ድምፀ ተአቅቦ እያለ እጅ ያስቆጥራል። “በሙሉ ድምፅ ጸድቋል” ይባላል፤ ተሿሚዎቹ ተሰልፈው ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ፤ ይጨበጨባል። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቷል። የጎደለው ከድምፅ አሰጣጡ በፊት መሆን የነበረበት ነው፦ የዕጩው ስም ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ቀደም ብሎ አይደርስም፣ የቀድሞ ሥራው አይጠየቅም፣ ትቶት የመጣው መሥሪያ ቤት የኦዲት ግኝት ይኑረው አይኑረው አይታይም። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ አንድ አንቀጽ ማስተካከልና ስሙን ጥቂት ቀን አስቀድሞ መላክ ይበቃል።

አባላቱ የማይጠይቁት ፈሪ ስለሆኑ ነው ማለት ግን ችኮላ ነው። የወረዳና የከተማ ምክር ቤት አባልነት ደመወዝ የለውም፤ በጉባኤ ቀን ከሚታሰብ አበል በስተቀር አባሉ የሚኖረው በሌላ ሥራው ነው። የገጠሩ አባል አርሶ አደር ነው። የከተማው አባል ደግሞ ብዙ ጊዜ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲሾም እጁን የሚያወጣው መምህር በማግስቱ የዚያው ኃላፊ ሠራተኛ ሆኖ ይውላል፤ ዝውውሩም፣ የደረጃ ዕድገቱም፣ የትምህርት ዕድሉም የሚያልፈው በዚያ ሰው ጠረጴዛ ነው። በዚህ ላይ ተሿሚም አጽዳቂም የአንድ ፓርቲ አባላት ሲሆኑ ሹመቱ ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት በፓርቲው መድረክ አልቋል። በጉባኤው ቀን የተለየ ድምፅ መስጠት ያኔ የምክር ቤት አባል መብት መሆኑ ይቀርና የድርጅት ዲሲፕሊን ጥያቄ ይሆናል።

የአዲስ አበባ ታሪክ ይህን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። የከተማዋ የተሻሻለ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከንቲባው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል እንዲመረጥ የሚል ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ፤ ምክር ቤቱ ግን ሥራ ሳይጀምር ቀርቶ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ስትመራ ቆየች። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግ በተራው ከ138ቱ 137ቱን ያዘ። ሁለቱም ጊዜ ውጤቱ ከአንድ ወንበር በስተቀር የአንድ ወገን ነበር፤ እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ ተቃውሞ የሚነሣው ከውስጥ ካልሆነ በቀር ከየትም አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ቻርተሩ ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ ሆኖ ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ፤ አቶ ታከለ ኡማ ወደ ኃላፊነት የመጡት በዚህ በር ነው። ዋና ከተማዋ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት፣ ጋዜጠኛ የማይጠፋባት፣ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ የሆነ ዋና ኦዲተር ያላት ናት። ይህ ሁሉ ባለበት ሿሚና ጠያቂ የተቀራረቡ ከሆነ ሰቆጣ ላይ ይበልጥ ቢቀራረቡ አያስገርምም።

ቦርድና ኮሚቴ ደግሞ ከሹመት ይበልጥ የተድበሰበሰ ቦታ ነው። ሰቆጣ የሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደ ሌሎች የክልሉ ሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርድ አለው፤ ሆስፒታሉ ከአገልግሎት የሚሰበስበውን ገቢ ለራሱ እንዲጠቀምበት ከተፈቀደ ወዲህ የቦርዱ ክብደት ጨምሯል። መድኃኒት በምን ያህል ይገዛ፣ የውስጥ ገቢው በምን ላይ ይዋል የሚለው ቦርዱ ፊት ይቀርባል። በትምህርት በኩል በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የአደረጃጀትና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ መሠረት የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እንዲሁም የወላጅ መምህር ኅብረት አለ። የከተማ መጠጥ ውኃ አገልግሎትም የሚመራው በቦርድ ነው። በልማት ተነሺዎች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም ያዛል። በሥርዓተ ምግብ በኩል ደግሞ የከተማዋን ስም የተሸከመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃን፣ ትምህርትንና ሌሎችን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጡ አስተባባሪ ኮሚቴዎች ከላይ እስከ ወረዳ ተዘረጉ።

የእነዚህን ሁሉ አባላት ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ስሞቹ ይደጋገማሉ። አስተዳዳሪው ወይም ምክትሉ እዚህም እዚያም ሰብሳቢ ነው፤ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎቹ እዚህ አባል፣ እዚያ ጸሐፊ ናቸው። አሠራሩ ምክንያት አለው፤ ውሳኔ ለማስፈጸም ሥልጣን ያለው ሰው ቢቀመጥበት ሥራው ይፈጥናል፣ በአነስተኛ ከተማም የተማረና ጊዜ ያለው ገለልተኛ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ውጤቱ ግን ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ሲገመግም ሰብሳቢው የራሱን አስተዳደር መገምገሙ ነው። የቦርዱ ሪፖርት ወደ ምክር ቤቱ ሲመጣም ያው ሰው በሌላ ኮፍያ ያቀርበዋል። የኅብረተሰብ ተወካይ ተብሎ የሚሰየመው አባል እዚህ ላይ ነበር ዋጋው። እርሱን ማን እንደ መረጠው፣ የሥራ ዘመኑ መቼ እንደሚያልቅና ስንት ስብሰባ እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ቋሚ ኮሚቴ ካለ ቦርድ ቦርድ ይሆናል። ከሌለ ሁለተኛ የካቢኔ ስብሰባ ነው።

አንድ ኮሚቴ ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዋግ ኽምራ ወረዳዎች ለብዙ አባወራ ከዝናብ ቀጥሎ የሚታሰብ ነገር ሆኗል። ለሥራ የደረሰው የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ይከፈለዋል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ማን ይግባ፣ ማን ተመርቆ ይውጣ የሚለውን የሚለየው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይሉ ነው። የፕሮግራሙ መመሪያ ግን ቅሬታ የሚሰማው ኮሚቴ ከግብረ ኃይሉ አባላት ውጭ በሆኑ ሰዎች እንዲዋቀር፣ የተጠቃሚዎች ዝርዝር በአደባባይ እንዲነበብና እንዲለጠፍ፣ የቅሬታው ውጤትም ለቀበሌው ምክር ቤት ደርሶ ወደ ወረዳው እንዲያልፍ ያዛል። ሁሉም ቀበሌ እንደ ተጻፈው ይሠራል ማለት አይደለም፤ በዘመድና በጉርብትና የሚታማ ቀበሌ ሞልቷል። ሆኖም መራጩና ይግባኝ ሰሚው በጽሑፍ ተለያይተዋል፣ ስሙም ግድግዳ ላይ ነው። ጎረቤቱ ስንት በሬ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ዝርዝሩን ሲያነብ ከየትኛውም የሱፐርቪዥን ቡድን የተሻለ ተቆጣጣሪ ነው። የሆስፒታልና የውኃ ቦርዶች ከዚህ ቢማሩ ምክር ቤቱ ግማሽ ሥራው ይቀልለታል።

ወደ ቅጥር ሲመጣ ምክር ቤቱ መግባት ያለበት እስከ የት እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት። ሠራተኛ መቅጠር የምክር ቤት ሥራ አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ይህ ድንበር በሌላውም ዓለም በዋጋ የተገኘ ነው። በእንግሊዝ በ1846 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው የኖርዝኮትና ትሬቬልያን ሪፖርት የመንግሥት ሥራ በደጋፊነትና በትውውቅ መታደሉ ቀርቶ በፈተና እንዲሆን ጠየቀ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሹመት ፈልጎ ባጣ ሰው በጥይት ተመትተው ከሞቱ በኋላ የፔንድልተን ሕግ የፌዴራል ቅጥርን ከፓርቲ ውለታ መለየት ጀመረ። በኢትዮጵያም በ1950ዎቹ የማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የታሰበው ይኸው ነበር። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 እና እርሱን የተካው 1064/2010 ክፍት መደብ የሚሞላው ተፈላጊ ችሎታውን አሟልቶ ከተወዳዳሪዎች ብልጫ ባገኘ ሰው ብቻ መሆኑን ደንግገዋል፤ ክልሎችም በዚሁ መንፈስ የራሳቸውን አዋጅ አውጥተዋል።

በወረዳ ደረጃ ሂደቱ የታወቀ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ክፍት መደቡን ያሳውቃል፤ የሰው ሀብት ክፍሉ የመደቡን መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝና ተፈላጊ ችሎታ ጽፎ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ይለጥፋል። ተወዳዳሪው ዋናውንና ኮፒውን ይዞ ይመዘገባል፤ የጽሑፍ ፈተና፣ አንዳንዴም ቃለ መጠይቅ ይሰጣል፤ ውጤት ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው ያመለክታል፤ ያለፈው ለስድስት ወር በሙከራ ይቀጠራል። ሸፍጥ ካለ የሚገባው በእነዚህ መካከል ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ማስታወቂያው ሰው በማያልፍበት በር ላይ ይለጠፋል። ተፈላጊ ችሎታው አንድ ሰው ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ ይጻፋል። የቃለ መጠይቁ ነጥብ የጽሑፉን እስኪያጥፍ ድረስ ከፍ ይላል። ወይም ደግሞ ውድድር ጨርሶ ሳይኖር በጊዜያዊነት የገባ ሰው ውሎ አድሮ ቋሚ ይሆናል። ቋሚ ኮሚቴ የትኛውንም ተወዳዳሪ ሳይደግፍና ሳይነቅፍ አራት ነገሮችን ከመዝገብ ማየት ይችላል፦ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን፣ የተመዝጋቢዎችን ብዛት፣ የፈተናውን ቃለ ጉባኤ፣ የቅሬታ መልሱን። የመስክ ምልከታ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እርከንና ችግኝ ሲጎበኝ ስለሚያልቅ የሰው ሀብት ክፍሉን ፋይል የሚከፍት ኮሚቴ ብርቅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ግን በጀት ነው፤ ምክር ቤቶቹ በዚህ በኩል ያላቸውን ጉልበት አይጠቀሙበትም። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ጥቅል ድጎማ ወደ ወረዳ ሲወርድ ድልድሉን የማጽደቅ ሥልጣን የወረዳው ምክር ቤት ሆነ። ከዚያ ገንዘብ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ስለዚህ በጀት ማጽደቅ ማለት በሌላ አነጋገር በየትኛው ጽሕፈት ቤት ስንት ሰው ይኑር ብሎ መወሰን ነው። አባላቱ ከበጀት ሰነዱ ጋር የክፍት መደቦች ዝርዝር ተያይዞ እንዲቀርብ ቢጠይቁ፣ አምና ለመደቡ የተያዘው ደመወዝ ሳይቀጠርበት ወዴት እንደ ዞረም ቢጠይቁ፣ ቅጥሩን ሳይነኩት ይቆጣጠሩታል።

ይህ በዋግ ኽምራ የተለየ ክብደት አለው። እዚህ የሰው ኃይል ችግር ሲነሣ ሰው በዘመድ ተቀጠረ ከሚለው እኩል መደቡ ባዶ ነው የሚለው ይነሣል። ወደ ተከዜ የሚወርዱት ቆላማ ወረዳዎች ሞቃትና ሩቅ ናቸው፤ የተቀጠረው ባለሙያ ዝውውር ጠያቂ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሰቆጣ ሲደርስ፣ ከአበርገሌና ከሌሎች ቦታዎች የተፈናቀለው ሕዝብም ሰቆጣና አካባቢዋ ሲጠለል፣ ሠራተኛ ከመደቡ ተለየ፣ መሥሪያ ቤት ከማኅደሩ ተለየ። እንዲህ ባለ ጊዜ ማን በየትኛው ደረጃ ተቀጥሮ እንደ ነበር ማረጋገጥና የትምህርት ማስረጃን ከሰጠው ተቋም ጋር ማመሳከር የቢሮ ሥራ ብቻ ሆኖ መተው የለበትም፤ ውጤቱ ለምክር ቤት ሊቀርብ የሚገባው ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። በአካባቢው የሚነገረው ኽምጣና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው፤ የሥራ ቋንቋን የመወሰን ሥልጣንም በሕገ መንግሥቱ የብሔረሰብ ምክር ቤቱ ነው። ጤና ኬላ የምትመጣ እናት ሕመሟን በኽምጣና የምትናገር ከሆነ ባለሙያው ቋንቋውን መቻሉ የተፈላጊ ችሎታ አካል ይሁን አይሁን የሚለው ጥያቄ የቅጥር መመሪያ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ሊመጣ የሚገባው ከምክር ቤቱ ነው። የፌዴራሉ የሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተቀራራቢ ውጤት ላላቸው ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ተሳትፏቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ እንደሚሰጥ ማለቱም በዚህ ረገድ መነሻ ይሆናል።

ምክር ቤቱ ብቻውን አይደለም። ኦዲት የክልሉ ዋና ኦዲተርና የውስጥ ኦዲተሮች ሥራ ነው፤ በሙስና ላይ የሚሠራ ኮሚሽን አለ፤ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአስተዳደር በደል ላይ አቤቱታ ይቀበላል። በቅጥር ውጤት የተከፋ ሠራተኛ መጀመሪያ ወደ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። እነዚህ በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ፍርድ ይሰጣሉ። በአንድ ጽሕፈት ቤት ተመሳሳይ ቅሬታ ለምን በየዓመቱ እንደሚመላለስ ጠይቆ ኃላፊውን ሊያነሣ የሚችለው ምክር ቤቱ ብቻ ነው።

ይህን የሚያደርጉት አባላት እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ራሱ ቀላል መልስ የለውም። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች አገር አቀፍ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም 33 የተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን በማግለላቸው ወንበሩን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ የያዘው ገዢው ግንባር ነበር። የአምስት ዓመቱ ዘመን ሲያበቃ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ለክልል ምክር ቤቶች፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ድምፅ ሲሰጥም የአካባቢ ምክር ቤቶች አልተካተቱም። በመካከሉ የሞተ፣ የተዛወረ፣ የተፈናቀለ፣ ራሱ ተሿሚ የሆነ አባል አለ። ምልዓተ ጉባኤ ሲቆጠር የሚቆጠሩት እነዚያው የ2005 ዓ.ም. ወንበሮች ናቸው፤ የሚጸድቁት ግን የዚህ ዓመት ከንቲባ ያቀረባቸው ዕጩዎችና የዚህ ዓመት ደመወዝ ናቸው።